በቆላ የደፋሁት ውኃ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ በየጾሙ መግቢያ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር፣ ይህን አንዱን እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ልጽፈው ተቀምጫለሁ። እርስዎን አላውቅዎትም፤ የደፈርኩትም ስለማላውቅዎት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። መሐል ላይ ካቆሙ ደግ ልጅ መስዬ እቀርብዎታለሁ፤ አይደለሁም።

ነገሩን በአጭሩ ልናገርና ልገላገል። እኔ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ ጡብ ገነባሁ። ጡቡ እንዲነከርበት የተቀዳልኝን ውኃ መሬት ላይ ደፋሁት። ከዚያም «ውኃ አልደረሰኝም» ብዬ ዋሸሁ። በዚህች ቃሌ የተነሣ የአንዲት እናት ስም በገዛ አገራቸው ጠፋ። ይኸው ነው። እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን እንዴት እንደሆነ ካልነገርኩዎት ሳላውቅ ያጠፋሁ ሊመስልዎት ይችላል። ሳላውቅ አላጠፋሁም።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ መንደሬ ከመሐል ሜዳ ብዙም አይርቅም። አሁን የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና መጀመሪያ ስወስድ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ ድጋሚ እስክፈተን ድረስ ግንበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። በእኛ አገር የግንብ ጠላቱ ውርጭ ነው። ውኃ የጠጣ ጡብ ሌሊት ውርጭ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ስለዚህ አጎቴ ጡቡን በላስቲክ ይሸፍናል፤ አዲሱን ግንብ ደግሞ ማታ ማታ ገለባ አልብሶት ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። «ጡብና ባሩድ አይርጠብ» ይል ነበር። እኔም በዚህ አደግሁ። ደረቅ ጡብ ቀላል ነው፤ እጅ ላይ አያሟልጭም። ስለዚህ ፈጣን ነበርኩ። ፈጣን መሆኔን ደግሞ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የማውቀው እኔው ነበርኩ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጋሼ ውብሸት የሚባሉ ፎርማን ለሥራ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ይዘውኝ ወረዱ። ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ግራር ገብ የምትባል መንደር አለች። የአገሩ ሰው ከወንዙ ዳር ጭቃ አቡክቶ፣ እንጨት ማግዶ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሆን ቀይ ጡብ በራሱ እጅ አቃጥሎ ነበር። ሁለት የመማሪያ ክፍል ነው የምንሠራው። እስከዚያው ልጆቹ ዳስ ውስጥ ይማሩ ነበር፤ ፊደል ሲቆጥሩ ድምፃቸው እኛ ዘንድ ይሰማል።

ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገርዎ! ለእኔ ለደገኛው ፀሐይ ማለት ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ የሚሞቁት በረከት ነው። እዚያ ግን ከረፋድ ጀምሮ ሲሚንቶ የምለስንበት የብረት ማንኪያ እጄን ያቃጥለኛል። የተቦካው ሲሚንቶ ግንቡ ላይ ገና ሳይተኛ ይጨማደዳል። ጋሼ ውብሸት በመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ደረቅ ጡብ እንዳላይ! ከየበርሜላችሁ ንከሩት፤ አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ብቻ አውጡት። በዚህ ሐሩር የተጠማ ጡብ የሲሚንቶውን ውኃ መጥጦ ያደርቀዋል፤ አይያያዝም። አንተ መንዜው፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።

ሰምቻለሁ! አዎ፣ ሰምቻለሁ። ደገኛ ስለሆንኩ፣ አጎቴ ያስተማረኝ ሌላ ስለሆነ ነው ብዬ ማመካኘት እችል ነበር። ስንት ሌሊት ለራሴ እንዲህ እያልኩ ተኝቻለሁ! ነገር ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ፣ በገዛ አፌ «ሰምቻለሁ» ብያለሁ።

ውኃውን ከጀማ ወንዝ የሚያመጡልን እትዬ አስካለ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሁለት አህያ ውኃ እያመላለሱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በመንደሩ ሰርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ የማኅበር ድግስ ቢሆን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አቀበቱ ደረትን የሚሰብር ነው፤ እሳቸው ግን ዳገቱን ጨርሰው ሲመጡ መጀመሪያ የሚሰማው ሳቃቸው ነው። ለእኔ በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅል ለብቻዬ ያመጡልኝ ነበር፤ «ይህ የእንግዳ ነው» እያሉ ሌላ ሰው አያስነኩም። ውኃው እንዴት ይቀዘቅዝ ነበር! የአገሬን ምንጭ የጠጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ የሚገነባው ጌጡ የሚባል የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የእትዬ አስካለ የሟች ባላቸው የወንድም ልጅ። ጎበዝ ግንበኛ ነበር። ምላሱም እንደ እጁ የሰላ ነው።

«መንዜው፣ ያቺ የእናንተ ፀሐይ ልብስ እንኳ አታደርቅም አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል ከማዶ።

«የእናንተዋስ ምን ሠራች? ጎበዙን ሁሉ ዛፍ ሥር አስተኝታ ነው የምታውለው!» እለዋለሁ።

ሠራተኛው በሳቅ ያወካል። እትዬ አስካለ አህያቸውን እያራገፉ ጣልቃ ይገባሉ። «ኧረ ተው ጌጡ! በረዶ የለመደ ልጅ ነው፤ በሙቀቱ ላይ ቁጣ ጨምረህበት እንዳይቀልጥብን!»

እንዲህ እየተባባልን ነው ወደ ውድድር የገባነው። አንድ ዓርብ ማታ ጋሼ ውብሸት፣ «ሰኞ ሌላ ሥራ ልጀምር እሄዳለሁ። የዚህን ሥራ ኃላፊነት ለአንዳችሁ ጥዬ ነው የምሄደው» አሉ። ጌጡ ወዲያው፣ «ታዲያ ምን ያጠያይቃል? ነገ መስኮቱ አናት ላይ ቀድሞ የደረሰ ይሁን!» አለ። ጋሼ ሳቁ፤ አልከለከሉም። እኔ በዚያች ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። ገና ልጅ ነኝ፤ ፈተና የወደቅሁ ልጅ ነኝ፤ በእናቴ ቤት ስሜ «ያላለፈው» ሆኖ ነበር። የግንበኞች ኃላፊ! እናቴ ይህን ስትሰማ ታየኝ። ጋሼ ውብሸት «የኔ ልጅ» ሲሉኝ ታየኝ። እኔ ሰው ሲያመሰግነኝ የምሞት ሰው ነኝ፤ ዛሬም እንዲሁ ነኝ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጀመርን። ምን ዓይነት ቀን ነበር! ሥራ የሌለው የመንደሩ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። ሲባጎው ተወጠረ፤ ሲሚንቶው በባሬላ ይመጣል፤ «አቀብል!» «አምጣ!» «ወዲህ በል!» ይባላል። ጠዋት ሁላችንም እንደታዘዝነው እየነከርን ነው የገነባነው። የተነከረ ጡብ ይከብዳል፣ ያሟልጫል፤ አረፋውን እስኪጨርስም መጠበቅ አለ። ጌጡ ለምዶታል። አንዱን ሲገነባ ሌላው ተነክሮ ይቆየዋል፤ እጁ ዘፈን ያለው ይመስላል። እኔ ግን እሳሳታለሁ፤ ጡቡ ከእጄ ያመልጣል። ከቀትር በፊት ጌጡ ሁለት ረድፍ ቀደመኝ። ከላይ ሆኖ ዘወር ብሎ፣ «መንዜው፣ ከታች ምን ቀረህ? ድንች ልትተክል ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ነደደ።

እትዬ አስካለ ከምሳ በፊት የመጨረሻውን ውኃ አመጡ። ከቀትር በኋላ አህያ በዚያ አቀበት ስለማይወጣ፣ ለቀሪው ቀን የሚበቃንን ሞልተው ነው የሚሄዱት። የእኔን በርሜል አፍ እስከ ገደፉ ሞሉልኝ። «በርታ፣ የኔ ጌታ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጌጡ እንዳይሰማ። «ዘመዴ ነው ብለህ አትፍራኝ። ብታሸንፈው ለእሱም ትምህርት ነው።» እኔም «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ። ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ውኃውን ዓይቼ፣ አመስግኜ ተቀብያለሁ።

ከዚያ ሁሉም ለምሳና ለዕረፍት ወደ ግራሩ ጥላ ሄደ። ጋሼ ውብሸት ኮታቸውን ተንተርሰው ጋደም አሉ። እኔ ግን፣ «አልራበኝም» ብዬ ቀረሁ። ግድግዳው ከጥላው ጀርባ ስለሆነ ከእኔ ሌላ የሚያይ የለም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማለች። አንድ ደረቅ ጡብ አነሣሁ። እንዴት ቀላል ነበር! ሲሚንቶ አለበስኩት፤ አስቀመጥኩት፤ መታሁት፤ ቀጥ አለ። ሌላ አነሣሁ። ሌላም። ሌላም! እጄ አገሩን ያገኘ መሰለው። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ከንፈሬ እየደረቀ፣ እየሳቅሁ ነበር የምገነባው፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ! ረድፉ ከፍ አለ። ጌጡን ደረስኩበት። ጌጡን አለፍኩት!

የባሰውን ልንገርዎ? ይህን ስጽፍ አሁንም ያ ደስታ ይመጣብኛል። ክንዴ ያንን ፍጥነት ያስታውሳል። የሚያስጠላኝን ኃጢአት ብናዘዝ ቀላል በሆነልኝ ነበር፤ እኔ የምናዘዘው ደስ ያለኝን ኃጢአት ነው።

ከዚያ ዘወር ስል በርሜሉን አየሁት። ሞልቷል። ጫፉ ድረስ ሞልቶ ሰማይ ይታይበታል። ይህን ሁሉ ጡብ ገንብቼ ውኃው ካልጎደለ ማን ያምነኛል? ብዙ አላሰብኩም። በርሜሉን አቀፍኩና ጋደል አደረግሁት። ውኃው ሲፈስ መሬቱ ጢስ የመሰለ አቧራ አወጣ፤ ወዲያው ዋጠው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው፣ ከወንዝ ቀድተው፣ ያንን ዳገት ወጥተው ያመጡት ውኃ! ሰዎቹ ከጥላው እስኪነሡ ድረስ ያ ሐሩር እርጥቡን አፈር አድርቆት ዱካዬን አጠፋልኝ። ከሥሩ ጥቂት ውኃ አስቀርቼ ነበር፤ ሰው ሲመጣ በጣሳ እየጨለፍኩ ጡቡ ላይ አርከፈከፍኩ፤ ለታይታ።

ጌጡ ግድግዳዬን ሲያይ አፉን ያዘ። «ሰይጣን ነው እንዴ የሚያቀብልህ!» አለ። ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ አናት ላይ ደረስኩ። እልልታው ቀለጠ። ተሸከሙኝ! ጌጡ ራሱ አንዱን እግሬን ይዞ ከተሸከሙኝ አንዱ ነበር። ጋሼ ውብሸት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «የኔ ልጅ!» አሉኝ። እንዳሰብኩት አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ግድግዳውን ሊያዩ ወጡ። ውኃ ልኩን ሊያስቀምጡ ክንዳቸውን ደገፍ ሲያደርጉ አንድ ጡብ ተንቀሳቀሰ። ቆም አሉ። ጡቡን በሁለት ጣታቸው አነሡት፤ እንደ ድስት ክዳን ተነሣ። ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ በመዳፋቸው ዘገኑ፤ እንደ በሶ ቦነነ። ሌላውን አነሡ፤ ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ጌጡ ግድግዳ ሄደው በመዶሻ መቱት፤ ነቅነቅ አላለም።

ከዳሱ የልጆቹ ፊደል ይሰማል። ያ ግድግዳ ሳይታይ ጣሪያ ተጭኖበት ቢሆን ኖሮ ሥሩ የሚቀመጡት እነሱ ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት «የኔ ልጅ» ያሉኝን ሰው ፊት ነው።

«ይህን ጡብ ነክረኸዋል?» አሉኝ።

«ውኃ አልደረሰኝም፣ ጋሼ። ያርከፈከፍኩት ከጠዋቱ የተረፈችውን ነው።»

ሳላስበው ወጣ ልበልዎ? አይደለም። አስቤ ነው ያልኩት። ከአፌ ሳይወጣ በፊት በማን ላይ እንደሚወድቅ አውቄ ነበር።

እትዬ አስካለ በዚያው ቅጽበት አህያቸውን እየነዱ ብቅ አሉ። ጋሼ ጠሯቸው።

«እትዬ አስካለ፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት የዚህን ልጅ በርሜል ሞልተዋል?»

«አፍ እስከ ገደፉ! ምነው?»

«አልደረሰኝም ይላል።»

ወደ እኔ ዞሩና ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። «ቀልደኛ! እግዜር ይስጥልኝ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። «እኔ ውኃ አላየሁም» አልኩ። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «ማርያምን!» አሉ፤ «ያንን የባሌን መቃብር! ሞልቼልሃለሁ፣ ልጄ!» ልጄ ነው ያሉኝ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ።

አንድ ሰው፣ «ጌጡስ? ላንተ ሞልተውልሃል?» ብሎ ጠየቀ። ጌጡ ሐቀኛ ነው። «ለእኔማ ሞልተውልኛል» አለ። ያች እውነት ከእኔ ውሸት ይልቅ ጎዳቻቸው። ወዲያው ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ፦ «ለዘመዳቸው ሞሉ፤ ለእንግዳው ነፈጉ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆላ ያልኖረ ሰው ላይገባው ይችላል። በዚያ ሐሩር አገር ደመኛህ እንኳ በደጅህ ሲያልፍ ውኃ ቢለምንህ አትከለክለውም። ሌባን ይቅር የሚሉ ሰዎች ለመንገደኛ ውኃ የነፈገን ይቅር አይሉም። ኑሯቸው ውኃ መቅዳት የሆነ ሴት በውኃ ስማቸው ሲጠፋ ምን ይቀራቸዋል? ጋሼ ውብሸት በዚያው ቀን ውኃ የሚያመጣ ሌላ ሰው ቀጠሩ። እኔን ምን አደረጉኝ ይበሉ? «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ግን ውኃ ከሌለ ማቆም ነበረብህ» ብለው ገሠጹኝና የሥራው ኃላፊ አደረጉኝ! ግድግዳውን አፍርሼ፣ እያንዳንዱን ጡብ እየነከርኩ፣ እንደገና ገነባሁት። በሌላ ሰው ውኃ።

እትዬ አስካለ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ፊት ቆመው ግዝት እንዲወጣላቸው ጠየቁ። ግዝት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «የዚህን ውኃ ነገር እያወቀ የደበቀ ውግዝ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ «ይሁን» አለ። እኔ ከሕዝቡ መካከል ነበርኩ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ፣ ከሰው ጋር አብሬ «ይሁን» አልኩ። በራሴ ላይ «ይሁን» አልኩ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የተወገዘውን ሰው ስሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሕዝቡ ደግሞ ማንም ስላልወጣ ጥፋቱ በእሳቸው ላይ ጸና ብሎ ደመደመ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሠራተኞቹ ከላይ ሆነው ያዩናል። እትዬ አስካለ አህያቸውን አቆሙና ያንን ቅል አወጡ። ፊታቸው ከስቷል። «ጠጣ» አሉኝ። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ከእጄ ጠጣ፤ ሰው እያየህ ጠጣ።»

ጉሮሮዬ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። አንድ ጉንጭ ብጠጣ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር ግማሹን ስማቸውን እመልስላቸው ነበር። እኔ ግን ወደ ላይ አየሁ፤ የሚያዩኝን ሰዎች አየሁ፤ ኃላፊነቴን አየሁ።

«አልጠማኝም» ብዬ አልፌያቸው ሄድኩ።

ውኃውን የደፋሁት እኔ ነኝ። «አልደረሰኝም» ያልኩት እኔ ነኝ። ሲዘረጉልኝ ያልተቀበልኩትም እኔ ነኝ። የቱ ይበልጣል? እኔ ለራሴ መርጫለሁ፤ ሦስተኛው ይበልጣል። የመጀመሪያውን ማንም ሳያየኝ አደረግሁት፤ ሁለተኛውን መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩት። ሦስተኛውን ግን የእሳቸውን ዓይን እያየሁ ነው ያደረግሁት።

ሥራው አለቀ፤ ወደ መንዝ ተመለስኩ፤ ድጋሚ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። እናቴ እልል አለች። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከመጣሁ ወዲህ መምህራኖቼ ጠንቃቃ ነህ ይሉኛል። ሰው ያዘዘኝን ሁሉ ቶሎ እሠራለሁ፤ ጓደኞቼ ይወዱኛል። እኔም ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ሰዎቹ ረስተውታል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን እንዲህ ሆነ። ከዶርም ጓደኞቻችን አንዱ ከቤቱ የመጣለትን ዳቦ ቆሎ ብቻውን ሲበላ ተያዘ። ሌላው፣ የመርሐቤቴ ልጅ ነው፣ አልጋው ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «አንተ ልጅ፣ የአስካለ በርሜል ሆንክብን እኮ!»

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«አልሰማህም? እኛ አገር ቆንቋና ሰው እንዲህ ነው የሚባለው። አስካለ የምትባል ሴት ነበረች አሉ፤ ለዘመዷ በርሜል ሞልታ እንግዳውን በውኃ ጥም ልትገድለው ነበር።»

«አሁን አለች?» አልኩ።

«አለች መሰለኝ። ማን ይጠራታል? ለለቅሶ እንኳ ውኃ ቅጂ የሚላት የለም» አለና ሳቀ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ እርስዎ እንዳሰቡት፣ እዚህም ላይ ከሰው ጋር አብሬ ሳቅሁ።

በዚያች ሌሊት ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ከአልጋዬ ብድግ አልኩ። አሉ! በሕይወት አሉ! እስካሁን ጊዜው አልፏል እያልኩ የፈራሁት ነገር አላለፈም። ሞተው ቢሆን፣ ለመቃብር ብነግር ምን ዋጋ ነበረው? እሳቸው አሉ፤ ጆሮ አላቸው፤ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቦታ «እውነትዎን ነበር» ሊባሉ ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ግን ሐዘን አይደለም። እንዴት ብዬ ላስረዳዎ? የምሮጥ፣ የምጮህ፣ ዛሬውኑ በእግሬ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። ፈተናችን ዛሬ አልቋል። ነገ በማለዳ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

መጀመሪያ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር። ተውኩት። በጓዳ ይቅርታ ጠይቄ፣ በጓዳ ይቅር ተብዬ፣ እፎይ ብዬ ብመለስ ማን ተጠቀመ? እኔ። ስማቸው የጠፋው በአደባባይ ነው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግዝቱ በወጣበት ቦታ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እቆማለሁ። የምለውን አጥንቼዋለሁ፦ «መንዜው ግንበኛ እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ሞልተውልኛል። እኔ ደፋሁት።» ከዚያ በኋላ ቢሰድቡኝ፣ ጌጡ በጥፊ ቢመታኝ፣ እትዬ አስካለ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ የሚገባኝ ነው። ይቅር እንዲሉኝ አልጠይቃቸውም፤ እሱም ሌላ ጥያቄ ይሆንባቸዋል። ሦስት ዓመት የተሸከሙት ይበቃቸዋል።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ደገኛ ነበርኩ አልልም። ሙቀቱ አእምሮዬን አዞረው አልልም፤ ያቺ ፀሐይ የሁላችንም አናት ላይ ነበረች፤ ውኃውን የደፋሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎም ይፍቱኝ ብዬ አልለምንዎትም። ግዝቱ ያለው በእሳቸውና በቄሱ እጅ ነው።

ከእርስዎ የምለምነው ሌላ ነው። እኔ አንድ አደባባይ ላይ ብቆም ተረቱ ከእኔ ቀድሞ ብዙ አገር ሄዷል፤ ሁሉም ቦታ አልደርስበትም። በአውቶቡስም ሆነ በገበያ፣ ሰው ሰውን «የአስካለ በርሜል» ሲለው የሰሙ እንደሆነ፣ እባክዎ አብረው አይሳቁ። ሞልቶ ነበር ይበሉልኝ።